ስም ያልወጣለት ዱቄት

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለደሳለው፣ አስመራ።

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከረምህ? ክረምቱ እንደምን አለፈልህ? ደረትህን ይዞህ የነበረው ሳል ለቀቀህ ወይስ አሁንም ሲነጋ ሲነጋ ይነሣብሃል? ባለቤትህ ወለተ ሐና ደኅና ናት? ልጆቹስ አደጉ? እኔ፣ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና፣ ከናፍቆትህ በቀር አካሌ ደኅና ነው። ውኃው ዘንድሮ ከቁሐር ሚካኤል በታች ያለውን ሜዳ ሁሉ ሸፍኖ ከርሞ እነሆ አሁን ሸሽቷል፤ ከብቱም ወደ ሣሩ ወርዷል።

ጽሑፉን አይተህ የማን እጅ ነው ሳትል አትቀርም። የመሪጌታ አዛናው አይደለም። እኔው እኅትህ ደብሬ ነኝ የጻፍሁት። አባታችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አንተን ዳዊት ሲያስደግሙህ እኔ ከጓዳ ሆኜ እሰማ እንደነበር፣ አንተም በከሰል እየጻፍህ ታሳየኝ እንደነበር አትረሳውም። እናታችን ግን ሴት ልጅ አነበበች ከተባለ ድግምተኛ ናት ይሏታል፣ ባልም አታገኝም ብላ አፌን አስያዘችኝ። ሃያ ስንት ዓመት ለሰው ሳልናገር ኖርሁ። በዚህ ክረምት ግን ምስጢሩ ወጣብኝ። መሪጌታን ያላስጻፍኋቸው የምነግርህ ነገር ከተማውን ሁሉ የሚነካ ስለሆነ፣ እሳቸውም ከሁሉ ጋር የሚውሉ ስለሆኑ ነው።

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የምኖረው ለሰው እህል እየፈጨሁ እንደሆነ ታውቃለህ። ለጠላ ቤቱ፣ ለሰርጉ፣ ለተዝካሩ እፈጫለሁ፤ የድካሜንም ከዚያው ከእህሉ ይሰፍሩልኛል። ባለፈው ጥር በደብረ ታቦር መንገድ መገንጠያ አጠገብ በናፍጣ የሚዞር ወፍጮ ተተከለ። ሰዉ ባቡር ይለዋል። የመጀመሪያ ሰሞን ዱቄቱ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፣ ሆድም ይነፋል እየተባለ ሲታማ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እውነቱን ልንገርህና እኔም ሳልቀምሰው አምቼዋለሁ። ግን እኔ ከጎሕ እስከ እኩለ ቀን የምፈጨውን እሱ ሁለት ሰዎች ሰላምታ ተሰጣጥተው ሳይጨርሱ ይጨርሰዋል። ፋሲካ ሲደርስ ደጄን የሚረግጥ ሰው አልነበረም። ለፋሲካ እንኳ አንድ አቁማዳ እህል የሚያመጣልኝ ታጣ።

በወረታ በፈጪነት የምንኖር አሥራ አራት ሴቶች ነበርን። አንዳንዷ እንጨት ለቀማ ወጣች፤ አንዳንዷ ወደ ዘመዶቿ ገባች። ጎረቤቴን ትሁንን ታስታውሳታለህ፤ ያቺ ሠርክ የምትስቀው። ዘመድ የላትም። ከሚያዝያ ጀምራ ጓያ ብቻ መብላት ያዘች። ጓያ ብቻውን ሲበሉት እግር እንደሚይዝ ከኛ ይልቅ እሷ ታውቃለች፤ ታላቅ እኅቷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በዚሁ ነው ተቀምጣ የቀረችው። እኔም ተዪ ትሁን ስላት ሌላ ምን አለኝና ብላ ሳቀችብኝ። በሰኔ መጀመሪያ ከመደብ ስትነሣ ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ በዓይኔ አየሁ።

በዚያው ሰሞን ባለ ባቡሩ ሐጂ መሐመድዘይን አሥራ አራታችንንም አስጠሩን። ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ናቸው፤ ባቡሩን ከአንድ የጎንደር ሰው ጋር በጋራ ነው የተከሉት። ሱቃቸው በር ላይ አስቀመጡንና ፊት ለፊታችን ቆመው እንዲህ አሉ፦ "የናንተን ሥራ ባቡሩ ወስዶታል። ስለዚህ ባቡሩ ከሚያገኘው ለያንዳንዳችሁ በየወሩ ሁለት ቁና ዱቄት ይሰፈርላችኋል። ሥራ አላዛችሁም። ደሃ ናችሁ ወይ ብዬ አልጠይቅም። ባል ያላትም የሌላትም፣ ሌላ ሥራ ያገኘችም ያላገኘችም እኩል ትወስዳለች።" ይህን ብለው ወደ ሱቃቸው ተመለሱ። ቢቆጡን ይሻለን ነበር።

እኛም ወደ ቤታችን ተመለስን። መንገዱን ሁሉ ሐሳቤ ያን ዱቄት ምን ብዬ እንደምጠራው ነበር። ደመወዝ እንዳልለው ሥራ የለበትም። ምጽዋት እንዳልለው ደጃቸው ሄጄ አልለመንሁም። ዘካ ነው እንዳይባል እኛ ክርስቲያኖቹ አለንበት፤ ደግሞም ዘካ ቢሆን ኖሮ እሳቸው ዘካ ነው ይሉ ነበር። ስም የሌለው ነገር እቤቴ ገብቶ እንዴት ያድራል እያልሁ ሳሰላስል ዋልሁ።

ራሂማ ደግሞ ከኔ ባሰች። ራሂማ እንደኛው ፈጪ ናት፣ የሐጂ የአጎት ልጅ ናት። "የሥጋ ዘመዳቸው ነኝ፤ ልጃቸውን ሲድሩ እንኳ የጠሩኝ ሳህን ለማጠብ ነው። ዛሬ ምን አይተው ወደዱኝ?" አለችኝ። አንዷ ቦታችንን ሊወስዱ ነው አለች፤ ሌላዋ ሴት ልጆቻችንን ለገረድነት እያጩ ነው አለች። አምስት ልጆች ያሏት ገላነሽ ብቻ "ልጆቼ ዱቄቱን ከየት አመጣሽ ብለው አይጠይቁኝም" ብላ ወሬውን ቆረጠችው። ትሁንም እንደዚያው። እኔ ያን ጊዜ ፈረድሁባቸው። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

በሳምንቱ የሐጂ የወንድም ልጅ ኡመር ወረቀትና የጣት ቀለም ይዞ ሱቁ በር ላይ ተቀመጠ። ስም ይጠራል፣ ጣት ይይዛል፣ ያስነካል። ምን ይላል ያለው ሰው የለም፤ እሱም አላነበበልንም። ገላነሽ ነካች፣ ትሁን ነካች፣ ሌሎችም ነኩ። ተራዬ ሲደርስ ቀለሙን የማይ መስዬ ጎንበስ ብዬ አነበብሁት። እንዲህ ይላል፦ "እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተጻፈው ሴቶች ወፍጮና መጃችንን ለባለ ባቡሩ አስረክበን፣ ከእንግዲህ በከተማው ውስጥ ለማንም ሰው በዋጋ ላንፈጭ ተስማምተናል። የሚሰጠን ዱቄት ባለ ባቡሩ ባሰኘው ቀን ቢቋረጥ አንከስም።" ወንድሜ፣ ያን ጊዜ ፍርሃት ሳይሆን ደስታ ነው የተሰማኝ። ጥርጣሬዬ ልክ በመሆኑ ደስ አለኝ። ጣቴ ቆስሏል፣ ሌላ ቀን እነካለሁ ብዬ ወጣሁ።

ለራሂማ ብቻ ነገርኋት። ማን አነበበልሽ አላለችም፤ ነጠላዋን አነሣችና ተከተለችኝ። ሐጂን ሱቃቸው ውስጥ ብቻቸውን አገኘናቸው። እኔ ወረቀቱ የሚለውን ቃል በቃል ነገርኋቸው። ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁ። ቁርኣን ያነባሉ እንጂ የኛን ፊደል አያውቁም። ኡመርን ጠርተው እውነት ነው ወይ አሉት፤ እሱም የጎንደሩ ሸሪክዎ እንዲህ በል ብለው አጻፉኝ አለ። አላውቅም አሉ ሐጂ። አያውቁም ብዬ እንዳላምን፣ ያውቃሉ ብዬ እንዳልምል ሆኜ ቆምሁ። እስከ ዛሬም እዚያው ነኝ።

ራሂማ ግን አልለቀቀቻቸውም። "ወረቀቱ ይቅር፤ ዱቄቱን ለምን እንደሚሰጡን ይንገሩን" አለቻቸው። ሐጂም ስሙን ሊነግሩን ያልወደዱትን የሌላ አገር ከተማ ጠቅሰው፣ እዚያ ባቡር የተከለው ወዳጃቸው በአንድ ሌሊት እህሉ ውስጥ ጠጠር ተጨምሮበት ባቡሩ እንደተሰበረበት፣ ማን እንዳደረገው እንዳልታወቀ ነገሩን። "ፈጪዎቹ ናቸው ይባላል። እኔ በናንተ ላይ ዘበኛ አቁሜ መኖር አልፈልግም" አሉ። ይህን ስሰማ ቀለለኝ። ደግነታቸው አስፈርቶኝ ነበር፤ ፍርሃታቸው ግን ገባኝ። ፈርቶ የሚሰጥ ሰው ስንት እንደሚሰጥ አስቦበታል።

እንግዲያው ወረቀቱ ይቀደድ፣ ሌላ በሽማግሌዎች ፊት ይጻፍ አልን። ወፍጯችን እቤታችን ይቆይ፣ የሚያስፈጭ ሰው ከመጣም እንፍጭ፤ ዱቄቱም ባሰኛቸው ቀን የሚቆም ሳይሆን ባቡሩ ወረታ እስካለ ድረስ የሚሰጥ ይሁን አልን። ሐጂ የመጀመሪያውን ወዲያው እሺ አሉ። በሁለተኛው ላይ ሦስት ቀን ፈጀን፤ በመጨረሻ እሺ አሉ። አንዱ ቅጂ ቁሐር ሚካኤል ዕቃ ቤት፣ አንዱ ሐጂ ዘንድ እንዲቀመጥ ሆነ። በሽማግሌዎቹ ፊት ወረቀቱን ከፍ አድርጌ ያነበብሁት እኔ ነኝ፤ ጣቴን ሳላስነካ ስሜን ጻፍሁ።

እዚህ ላይ ነው ያላሰብሁት የመጣብኝ። ሴቶቹ ያመሰግኑኛል ብዬ ነበር። ገላነሽ ግን ስንወጣ በሰው ፊት "ይህን ሁሉ ዘመን ታነቢያለሽ ማለት ነው? የባሌ የክስ ወረቀት ሲመጣ አብረሽኝ ተቀምጠሽ፣ አንቺም እንደኔ መሪጌታን ስትጠብቂ ነበር" አለችኝ። እውነቷን ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት አራት ሆነው ሲያወሩ ስደርስ ወሬ ይለወጣል። ከሐጂ ጋር በስውር ተስማምታ ነው የሚሉም አሉ፤ ስም መጻፍና ጣት ማስነካት የተለየ ስፍር አለው ብለው የኔን ዱቄት አስከፍተው ያዩ አሉ። ሁለት ቁና ነው።

ዱቄቱ ግን ከሐምሌ ጀምሮ አልተቋረጠም። በነሐሴ ውኃው መንገዱን ቆርጦ ናፍጣ ጠፋ፤ ባቡሩ አሥራ ሁለት ቀን ቆመ። ያን ጊዜ ከተማው በሙሉ ወደኛ ደጅ ተመለሰ፤ መጄን ወቅሬ ስፈጭ ሰነበትሁ። የወሩ ቀን ሲደርስ ባቡሩ ስለቆመ አይሰጡንም ብለን ሄድን። ኡመር ጤፍ ሰፍሮ ጠበቀን። ዱቄት የለም፣ ራሳችሁ ፍጩት ተብላችኋል አለን። ራሂማ እስክታነባ ሳቀች። እኔ ጤፉን እቤቴ ወስጄ አፈር ተቀላቅሎበት እንደሆነ ብዬ አበጠርሁት። ንጹሕ ነበር።

ትሁን ዛሬ በምርኩዝ ትሄዳለች። አልዳነችም፤ ግን አልባሰባትም። እኔም ቀን ስላለኝ በመስከረም ቁሐር ሚካኤል ወርጄ የአባታችንን መሬት ሽምብራ ሲዘራ ዳር ቆሜ ዋልሁ። አራሹ አንለይ በየዓመቱ እኩሌታውን ሰብል ውኃ ወሰደው እያለ ይልክልኝ የነበረው መሬት፣ ልኩን ልንገርህ፣ ውኃ የማይደርስበት ነው። እስከ ዛሬ ሄጄ ያላየሁት ከወፍጮው ሥር ተነሥቼ ስለማላውቅ ነው። ይህንንም ያገኘሁት በዚያ ዱቄት ነው፤ መካድ አልችልም።

ግን እጄን ምን እንደማደርገው አላውቅም። ቁናው ሲሰፈር ዓይኔ ከጠርዙ አይነሣም፤ በዚህ ወር ትንሽ ጎደለ ይሆን እላለሁ። የጎንደሩ ሸሪክ ለገና ይመጣል ይባላል። ወረቀታችንን አይቶ ምን እንደሚል አላውቅም። ሐጂም አርጅተዋል፤ ከሳቸው በኋላ የሚመጣው ሰው ይፈራናል ወይ? አሥራ አራት ሴቶችን ማን ይፈራል?

ስለዚህ የምለምንህ አንድ ነገር ነው። በመጨረሻው ደብዳቤህ በምትሠራበት ፋብሪካ አዲስ መኪና ገብቶ ስድስት ሠራተኞች እንደተሰናበቱ ጽፈህልኝ ነበር። የነሱን ነገር ጠይቅልኝ። የተሰጣቸው ነገር አለ ወይ? ካለ ማን ቃል ገባ፣ በወረቀት ነው ወይስ በአፍ፣ ስንት ጊዜ ቆየ፣ እንዴትስ ቆመ? ምንም ካልተሰጣቸውም ምንም ብለህ ጻፍልኝ። እኅቴ ታዝናለች ብለህ እንዳታለሳልስልኝ። ክፉውን ባውቀው ለገና ምን ብዬ እንደምናገር አዘጋጃለሁ፤ ከአሥራ አራታችን ወረቀት የማነበው እኔ ብቻ ነኝና፣ ቢወዱኝም ባይወዱኝም ፊት የምቆመው እኔ ነኝ።

ለወለተ ሐና፣ ለልጆችህ በየስማቸው፣ ቤታችሁን ለምትጋራው ጎረቤታችሁም ሰላምታዬን አድርስልኝ። ልጆቹን ግንባራቸውን ሳምልኝ፤ ሴቷን ልጅህን ፊደል አስቆጥራት፣ ደግሞም አትደብቃት። ትሁን ስሚልኝ ብላለች። ራሂማ የማታውቅህ ብትሆንም ሰላም በዪልኝ ብላለች። ገላነሽ ምንም አላለችም፤ ግን የልጅነት ወዳጅህ ናትና ከኔ ወስደህ የሷንም ሰላምታ ቁጠረው።

እኅትህ ደብሬ፣ በገዛ እጄ
ወረታ፣ ጥቅምት ፳፩ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.