በአረፋ የሰበሰብኳቸው አድራሻዎች

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2004

ያለ ወቅቱ ዘነበ። የበርበሬው ዛላ ግቢ ውስጥ ተሰጥቶ ነበር። ከገበያ ሮጬ ስደርስ እህቴ ናጃህ ቀድማኝ ግማሹን በሸራ ሸፍናዋለች። የቀረው ራሰ። የራሰ በርበሬ ይሻግታል፣ ነገ ቀኑን ሙሉ ስንለይ ልንውል ነው...

ማታ እጃችንን ቅባት ስንቀባ (ሲያቃጥል ውሃ ያባብሰዋል እንጂ አያበርደውም) እህቴ ድንገት፣ "ፓስፖርቴ ወጣ" አለችኝ። እንዲያው እንደ ዋዛ። እማዬ እንዳትሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። ቅባቱን አቀበልኳት።

ጎረቤታችን ዘይባ አምና ከሪያድ ተመለሰች። ቀኝ እጇ አይታጠፍም። ምን ሆነሽ ሲሏት "ወደቅኩ" ትላለች። እጇን ብቻ የሚሰብር ምን ዓይነት መውደቅ ነው?

ዓርብ፣ ጥቅምት 10

የነጋዴ ሴቶች ሥልጠናው ዛሬ አለቀ። ከአዲስ አበባ የመጣው ልጅ ከረባቱን እያስተካከለ፣ ሱቅ የሌላት ኢሜይል ትሰብስብ አለን። ለመቶ ሰው ብትጽፉ አስሩ ይገዛል፣ ደግሞ ነጻ ነው አለ። ነጻ? በሰፈራችን ልጅ በከማሉ ኢንተርኔት ቤት ደቂቃው ሁሉ ይቆጠራል። ቢሆንም ለማስታወቂያ ሰሌዳ ከሚጠይቁት ይሻላል።

እውነቱን ልጻፍ፣ ማን ያየኛል። የወደድኩት ስለ ርካሽነቱ አይደለም። ፊት ለፊት ግዙኝ ማለት ለኔ ሞት ነው። ሀጂ ሰይዶን የመሰሉ ትልቅ ሰው ጋ ደውዬ "በርበሬ ይግዙኝ" ልበላቸው? የአባቴን ጓደኛ? ነውር ነው። ኢሜይል ግን ዓይን የለው... ሲመቸው ያነባል፣ ካልፈለገ ይተዋል። ማንም አያፍርም።

ለናጃህ ነገርኳት። አዲስ አበባ ያለው የአገራችን ሰው ሁሉ በርበሬ የሚበላ ነው፣ በአውቶቡስ እንልክለታለን፣ ሥራው ለሁለታችን ይበቃል አልኳት። ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ተወችና፣ "እስከ ጥር ትእዛዝ ከመጣ እቀራለሁ። ወላሂ" አለች።

ወላሂ ብላለች። ናጃህ ደግሞ ወላሂ ካለች አለች ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 15

መብራት የለም። ከማሉ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ጫት ይቀነጥሳል። ነገም የለም ይላሉ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 27

ትናንት አረፋ ነበር። ዓመቱን ሙሉ የማይታይ ሰው ሁሉ መጥቷል፤ መርካቶ ዛሬ ወና ሳትሆን አትቀርም። የቆመው መኪና ብዛት! ከአስፋልቱ እስከ መንደር።

ናጃህ ደብተር ይዛ፣ እኔ አፌ ደርቆ፣ ቤት ለቤት ዞርን። የታረደበት ሁሉ ብሉ ይላል። እምቢ ማለት የለም፣ በላን። ሆዴ እስኪያመኝ። ከዚያ ቀስ ብዬ፣ ኢሜይል ካላችሁ ልመዝግብ፣ የበርበሬ ዜና እንድልክላችሁ... ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል።

እምቢ ያለኝ አንድ ሰው የለም! አንድም። አንዱ የሱን፣ አንዱ የልጁን፣ አንዱ የመሥሪያ ቤቱን። የሌለውም፣ "ይከፈትልኝና ጻፊኝ" ይላል።

ከዚያ ሀጂ ሰይዶ ጋ ደረስን። መርካቶ ቆርቆሮ የሚሸጡ፣ ግቢያቸው ሰው የማይጠፋበት ሰው ናቸው። ኢሜይል አለዎት ወይ ስላቸው ምን እንደሆነ የገባቸው አይመስለኝም። ግን፣ "የወንድሜ ልጅ ጠይቃኝ የለኝም እላለሁ እንዴ? ጻፊ!" አሉ። እንባዬ መጣ። የሳቸውን ያየ ደግሞ ሁሉም ተሻምቶ ተመዘገበ።

ናጃህ ስንመለስ፣ "ቁጥሩ ይሙላ" ብላ የራሷንም ስም ከታች ጻፈች። መቶ ሠላሳ ምናምን ሆንን። አሰልጣኙ ይህን ቢያይ!

ቅዳሜ፣ ኅዳር 2

ከማሉ ቀኑን ሙሉ የሌላቸውን ሲከፍት ዋለ። ለሁሉም አንድ የሚስጥር ቃል፣ "ቡታጅራ"። እንዳይረሱት ነው ይላል። በየሰዉ እየደወለ ነገራቸው፤ ሁሉም እሺ አሉት። ሂሳብ ስጠይቀው፣ "መጀመሪያ ሽጪ" አለኝ። ናጃህን እያየ ነው የሚለው። እሱም እንድትቀር ይፈልጋል፣ ግን አፉ አይናገር... የቡታጅራ ወንድ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9

ላክነው! ደቂቃ እንዳይበላን በወረቀት ጽፈን ሄድን። ናጃህ ጣቶቿ ይበራሉ፤ ኮምፒውተር ከተማረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ዋሉ። በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በአማርኛ።

"የማረቆ በርበሬ ደርሷል። በእጅ የተቀነጠሰ፣ ቅጠልና ድንጋይ የሌለበት። ዛላም ዱቄትም አለ። ሻጯ ባሂራ፣ ከቡታጅራ።"

"ሻጯ" የምትለዋን ናጃህ ናት የጨመረችው። አሳፈረችኝ። ግን ደስ አለኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 11

መልስ መጥቷል ብሎ ከማሉ አስጠራኝ። ነጠላዬን እንኳን በወጉ ሳልለብስ ሮጥኩ። ብዙ ናቸው! ሁሉም ግን ከአንድ ሰው፣ ማይለር ዴመን ከሚባል። ፈረንጅ በርበሬ ፈለገ እንዴ ብዬ...

ከማሉ ሳቁን መያዝ አቃተው። አድራሻው ስህተት ነው፣ አልደረሰም ማለት ነው አለኝ። ማሽን ነው የሚጽፈው። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ። ቤት ስገባ ግን አልሳቅኩም።

ኅዳር 24

ሦስት ጊዜ ላክን። ምንም።

ታኅሣሥ 7

አንድ እውነተኛ መልስ! ስማቸውን ከማላስታውሳቸው አንዱ። "በርቺ እህቴ!!" ይላል። ሌላ ነገር የለበትም። ወደታች ወረድኩ፣ ወደ ላይ ወጣሁ... በርቺ ብቻ።

በርቺ በርበሬ አይገዛም፣ ወንድሜ።

ታኅሣሥ 19

ከማሉ፣ ላሳይሽ አልፈለግኩም ነበር፣ ግን ደቂቃ እየከፈልሽ ዝም ማለት ግፍ ሆነብኝ አለኝ። ያን አንድ የሚስጥር ቃል አስገብቶ የሀጂን ከፈተው። የኔ ደብዳቤዎች ተደርድረዋል። ጠቁረው። ያልተነበበ እንዲያ ጠቁሮ ነው የሚታየው። የሌላውን ከፈተ፣ ጠቁሮ። የሌላውን፣ ጠቁሮ። እሱ ከከፈተላቸው ቀን ወዲህ ማንም ዝር አላለበትም።

ለይሉኝታ ነው የተመዘገቡት። የወዳጃቸው ልጅ አፍራ እንዳትመለስ። እምቢ ቢሉኝ ምን ነበረበት? እምቢ ቢሉኝ ሌላ ነገር እሞክር ነበር...

ለናጃህ ምን ብዬ ልንገራት? አልነገርኳትም። ገና ነው፣ ሰው ለበዓል ሥራ ይበዛበታል አልኳት። እንደ ዱሮዋ አልሳቀችብኝም። ያ ነው የባሰኝ።

ጥር 13

ቪዛዋ መጣ። ሪያድ። ሁለት ዓመት።

ወላሂ ብላለች፣ ጠበቀች፣ ጥር ገባ። በየትኛው ቃሏ ልይዛት? እማዬ ሶላቷ ላይ ቆየች። ዱዓዋ ረዘመ። እንድትቀር ይሁን እንድትደርስ፣ አልጠየቅኳትም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 3

ሄደች።

እማዬ በርበሬ ቋጥራላት ነበር፣ ድልሁንም ዱቄቱንም። ናጃህ ድልሁ ይፈሳል ብላ ተወችው። መኪናው ሊነሳ ሲል ደግሞ ዱቄቱን ከሻንጣዋ አወጣችው። ማዳሞች ሽታ አይወዱም ብለዋታል። "አንቺ ሽጪው" ብላ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

አልሸጠውም። መደርደሪያው ላይ አድርጌዋለሁ።

ከማሉ ሊሰናበት መጥቶ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ቀረ። ምን ልርገመው? እኔስ ምን አልኳት? "አላህ ይጠብቅሽ" ብቻ። አትሂጂ የምትል ቃል አፌ ላይ ነበረች። ለመቶ ሰው ጻፍኩ፣ ለሷ ግን አንዲት ቃል አልተናገርኩም። እሷም ላይ ይሉኝታ ያዘኝ?

መጋቢት 5

አንዴ ደወለች፣ ደርሻለሁ ብላ። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይሠራም። የላካትን ደላላ ጠየቅኩ፣ "ደህና ናት፣ ደህና ባትሆን ይነግሩን ነበር" አለኝ። ማን ነው የሚነግረው?

መጋቢት 22

ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም እልካለሁ። ሰው ቢሰማ አብዳለች ይላል። ማንም እንደማያነበው እያወቅኩ። ግን ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ የሷ ስም አለ... ከማሉ፣ ለሷ ብቻ ላኪላታ አለኝ። ሞከርኩ። "ናጃህ" ብዬ ጀመርኩና አጠፋሁት። ደህና ነሽ ወይ ብዬ ጠይቄ መልስ ከቀረ? እሱን አልችለውም። የበርበሬ ማስታወቂያ መልስ ቢቀር ለምጄዋለሁ።

እሑድ፣ ሚያዝያ 14

ሀጂ ሰይዶ ለጎረቤት ለቅሶ መጥተው ነበር። ድንኳን ውስጥ አስጠሩኝ። አሰላሙ አለይኩም ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ናጃህን ጠየቁኝ። ሪያድ ሄደች አልኳቸው።

ከዚያ፣ "የበርበሬውስ ነገር የት ደረሰ? በአረፋ ጻፍሽን፣ ጠፋሽ። እኛ ከሰው እየገዛን ነው" አሉኝ።

ጠፋሽ! በየሳምንቱ እጽፍልዎታለሁ አልኳቸው። ልጃቸውን አዩት፣ ልጃቸው መሬት አየ።

"ልጄ፣ እኔ ፊደሉንም በመነጽር ነው። ለምን አልደወልሽልኝም?"

አፍሬ ነው አልኳቸው።

"አንቺ መደወል አፈርሽ፤ እኛ አናውቅበትም ማለት አፈርን" አሉ። ቀስ ብለው ነው የተናገሩት፣ እንደ ቁጣም አይደል። "በዚህ መሃል ልጅቷ ሄደች።"

ተነስቼ ወጣሁ። ለሟቹ የማለቅስ መስሏቸው ሴቶቹ አቀፉኝ።

ሚያዝያ 16

ሀጂ ራሳቸው ደወሉ። ዛላ ላኪልኝ አሉ፤ ለቤታቸው፣ ለእህታቸው፣ ከሱቃቸው አጠገብ ላሉትም። ማታ ሌላ ሰው ደወለ። "ከሀጂ ሰይዶ ነው ስልክሽን ያገኘሁት" አለኝ።

እንዲህ ቀላል ነበር? እንዲህ?

ግንቦት 20

ስልኩ አያሳርፈኝም። ዘይባን ቀጠርኳት፤ በግራ እጇ ትቀነጥሳለች፣ ከኔ አታንስም። እማዬ አልሀምዱሊላህ ትላለች። እኔም እላለሁ። የለመንኩት መጣ። የለመንኩላት ግን ውል ፈርማለች፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላ አይለቋትም። ደላላውን ለመንኩት፣ ሳቀብኝ።

ከየካቲት ወዲህ ድምጿን አልሰማሁም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 9

ኢሜይሉን ማን ይፈልገዋል አሁን። ዛሬ ከማሉ ቤት የገባሁት የመጨረሻውን ልልክ ነበር። ስልክ ቁጥሬን ልጽፍና፣ ከእንግዲህ አልጽፍም ልላቸው። ከማሉ ከወንበሩ ተነስቶ ቆሟል። ወንበሩን ሳበልኝና ስክሪኑን አሳየኝ፤ መልስ መጥቷል።

እዚህ ልገልብጠው፣ ቃል በቃል።

"ጤና ይስጥልኝ ሻጯ ባሂራ። ማስታወቂያሽን ሁሉንም ዛሬ አነበብኩት። ስልኬን ወስደውብኛል፣ የልጃቸው ኮምፒውተር ነው፣ ተኝቷል። ደህና ነኝ። እጄም ደህና ነው። ምግባቸው አይጥመኝም። ግማሽ ኪሎ ዱቄት እፈልጋለሁ። በዋጋው ነው፣ በነጻ እንዳትልኪ። ትእዛዝ ነው። እማዬን ሳሚልኝ። ናጃህ።"

እጄም ደህና ነው። ዘይባን አስባ ነው... እንደማስብ አውቃ።

ከዚያ ሁሉ ስም፣ በኢሜይል ያዘዘችኝ እሷ ናት። እሷ ብቻ።

መደርደሪያው ላይ ያለው ቋጠሮ ትዝ አለኝ። የሷ ነው፣ ሳይነካ አለ። ግን በምን ይሂድ? የቤቱን አድራሻ አልጻፈችም፣ ምናልባት አታውቀውም። ደላላው ዕቃ አይቀበልም። ሪያድ አውቶቡስ አይገባ።

ልመልስላት ተቀመጥኩ። እንደሷ አይደለሁም፣ በአንድ ጣት ነው የምጽፈው። አትሂጂ ልልሽ ነበር ልበላት? አሁን ምን ይረባታል? ሀጂ ገዙ፣ ሁሉም ገዛ፣ ስልኩ ይጮሃል ልበላት? እዚያ ወጥ ቤት ሆና ይህን ትስማው? ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ጻፍኩ፣ አጠፋሁ። ከማሉ፣ ሰዓቱን አታስቢው አለኝ፤ ውጭ ግን ደምኗል፣ መብራት ሊሄድ ይችላል። ሄዶ ሳይደርሳት ከቀረስ...

"በርቺ እህቴ" ብዬ ላክሁት።