የግድግዳ ድርሻዬና የቦዩ ዳር አፈር

እኔ ዴልፊኒያ አርቹሌታ፣ በኒው ሜክሲኮ ተራሮች መካከል በአሮዮ ብላንኮ መንደር ተወልጄ እዚያው ያረጀሁ፣ ዛሬ ሜይ 14 ቀን 1987፣ በጠባቂያችን በቅዱስ ኢሲድሮ በዓል ዋዜማ፣ ልቤ ቢደክምም አእምሮዬ አብሮኝ ሳለ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ማንም ሳያባብለኝ ይህን ቃሌን አስጽፋለሁ። አእምሮዬን የሚጠራጠር ካለ በመንደሩ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ ይጠይቀኝ፤ ምክንያቱን ጭምር እነግረዋለሁ።

የሚጽፍልኝ የቀድሞው የፖስታ ቤት ኃላፊያችን ኤሎይ ትሩሂዮ ነው። ምስክሮቼ ጎረቤቴ ሴኔይዳ ባካና የሟቹ ባሌ ወንድም ቤላርሚኖ ናቸው። አንዲት ልጄና ወራሼ ሮሳውራም ከአልበከርኪ መጥታ በአልጋዬ ግርጌ ተቀምጣለች።

ቤላርሚኖ “እኔን ደግሞ ለምን ምስክር አደረግሽኝ?” ብሎ ጠይቋል። ምስክር አይወርስም ስለተባልሁ ነው። ኤሎይ፣ ጻፈው።

“እትዬ ዴልፊኒያ፣ ይሄ እኮ ሕጋዊ ሰነድ ነው።”

“ታዲያ እውነት በሕግ ተከለከለ?”

ጽፎታል።

መኖሪያ ቤቴ ከነምድጃውና ከነዕቃው ለሮሳውራ ይሁን። ከዚህ በታች የምናገረውን እሺ ብትልም እምቢ ብትልም ቤቱ የእርሷ ነው። ልጅን በቤት አላስፈራራም፤ እናቴ በዚሁ ስታስፈራራኝ ኖራ ምሬቱን አውቀዋለሁ።

ትልቁ የቃሪያ ወጥ ድስቴ ለሴኔይዳ ይሁን። ተውሳው ከሄደች ወዲህ እርሷው ቤት ነው።

“ልመልሰው እያሰብኩ ነበር” አለች።

“አታስቢ።”

ከሁሉ የሚበልጠው ሀብቴ የግድግዳ ድርሻዬ ነው። በመንደራችን እያንዳንዱ ቤት በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የራሱ ቦታ አለው፤ የእኛ ከዋናው በር በስተግራ እስከ መጀመሪያው መስኮት ነው። በየዓመቱ ጁን ሲገባ ወንዶቹ ጭቃውን በጭድ ያቦካሉ፣ ይሸከማሉ፤ የሚመርጉት ግን ሴቶች ናቸው፣ በባዶ እጃቸው። ድርሻው ከእናት ወደ ሴት ልጅ ይተላለፋል። ከእናቴ ተቀብያለሁ፤ ማለስለሻውን የበግ ለምድ ጨምሬ ለሮሳውራ ትቻለሁ።

ይህ ድርሻ ግን ብዙ ዘመን ሥራ ፈት ሆኖ ነበር። ዋርሳዬ ቤላርሚኖ ከወታደርነት ሲመለስ የሲሚንቶ ፍቅር ይዞት መጣ። “በየዓመቱ በጭቃ ከምትጨማለቁ አንዴ ሲሚንቶ እናልብሰውና እንረፍ” አለ። ሰዉም ለእግዚአብሔር ቤት ውድ ነገር ይገባዋል ብሎ ፍየሉን እየሸጠ ሲሚንቶ ገዛ። የጭቃ ግድግዳ ግን ይተነፍሳል። ሲሚንቶው የገባውን ውኃ አላስወጣ ብሎት ውስጥ ለውስጥ ይበሰብስ ጀመር።

“በደግነት ነው ያደረግሁት” ይላል ይኸው አሁንም።

“በክፋት ነው ማን አለህ? የፈጀን ደግነትህ ነው።”

ባለፈው ኦክቶበር ሲሚንቶውን ስናነሣ ያየሁትን ሳልናገር ዓይኔን አልከድንም። በሰሜን በኩል ግድግዳው ከመርጠቡ የተነሣ ክንዴ እስከ ክርኔ ገባ። የጣሪያው አግዳሚ እንጨቶች ጫፋቸው እንደ ዳቦ ይፈረፈር ነበር። ያን ሁሉ ዘመን ከሥሩ ቆመን ስናስቀድስ ጣሪያውን ምን እንደያዘልን ለማወቅ ያስመጣናት የሕንጻ ባለሙያ ቀና ብላ ብታይ፣ ብታይ፣ በመጨረሻ አማተበች።

በእኔ ድርሻ በኩል ግን ደረቅ ነበር። ሲሚንቶው እንደ ቅርፊት ተላቆ ሲወድቅ የተሰበረው የጭቃ ጠርዝ ታየ፤ ንብርብር ነው፣ እንደ ወረቀት የሳሳ፣ አንዱ ዓመት ባንዱ ዓመት ላይ የተኛ። ቀላ ያለ አለ። አመድማ አለ። ዛሬ ማንም የማይዘራው የስንዴ ዓይነት ጭዱ እንደ ወርቅ የሚያበራበት አለ። የላይኛውን እኔ መረግሁት። ከሥሩ ያለው የእናቴ ነው። ከእርሷ ሥር የእናቷ። ከዚያ ወዲያ ስማቸውን የማላውቃቸው ሴቶች እስከ መጀመሪያው የጭቃ ጡብ ድረስ ተደራርበዋል። መንደሩ በሙሉ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። ቤላርሚኖ ባርኔጣውን አወለቀ። “ያፈንኋቸው እነዚህን ነው?” አለ። ያን ቀን በልቤ ይቅር ብዬዋለሁ።

“እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ?” ይላል።

“አሁን ሰማህ። መሐረብ ስጡት።”

ከዚያ ወዲህ ድጋፍ ፍለጋ ያላንኳኳነው በር የለም። አንዱ መሥሪያ ቤት ጸሎቱን ሰጠን፤ ሌላው ከፍርስራሹ ጋር ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሄደ። በመጨረሻ ከሳንታ ፌ ወይዘሪት ዊትኮም የምትባል የቅርስ ማኅበር ሰው መጣች። ግድግዳውን ስትዳስስ ዋለች፤ የቃሪያ ወጣችንንም በላብ ተጠምቃ ጨርሳ በላች። ወደድናት። “እንጨቱንም ባለሙያውንም እኛ እንችላለን” አለች። “ግን ጭቃው በየዓመቱ ከየት ይመጣል? አፈሩ የማን ነው?” የአፈሩ ባለቤት ለመንደሩ ለዘለቄታው ካልፈረመ ማኅበሩ እጁን አያስገባም። የመጨረሻው ቀን የፊታችን ሰኞ ነው። ጣሪያውም የሌላ ክረምት በረዶ አይችልም።

ያ አፈር ያለው ከመስኖው ቦይ ዳር በእኛ መሬት ላይ ነው። የሌላ ቦታ አፈር ሞክረናል፤ አንዱ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሌላው በመጀመሪያው ዝናብ ይታጠባል። የመሬቱን ላይኛ እኩሌታ፣ ማለትም የእኔን፣ ለጭቃ ማቡኪያና ለጭድ ማኖሪያ ለመንደሩ ሰጥቻለሁ። አፈሩ ያለበት ታችኛው እኩሌታ ግን አባቷ ለሮሳውራ ያወረሳት ነውና በኑዛዜዬ ልሰጠው አልችልም። አንድ የቴክሳስ ሰው የዕረፍት ቤት ሊሠራበት ፈልጎ ዋጋ ነግሯታል።

“እማዬ፣ ይሄን ሰው ፊት ማንሳት ነበረብሽ?”

“ኑዛዜ ታዲያ ለብቻ ይነገራል?”

“የጀመርኩት ቤት እኮ ጣሪያ ሳይወጣለት ቀረ! ልጆቼ አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቀው ነው የሚያድሩት።”

“አውቃለሁ የኔ ልጅ። ቀላል ነገር አልጠየቅሁሽም።”

“እኔ ቅድስት አይደለሁም።”

“እነዚያስ ቅዱሳን መሰሉሽ? ሲመርጉ ሰው ሲያሙ ነው የሚውሉት። ግድግዳው ግን ቆሟል።”

ስለዚህ ልጄን አላዝዛትም፣ አልገዝታትምም። እምቢ ብትል ማንም እንዳይወቅሳት፤ በተለይ አንቺ፣ ሴኔይዳ። ኤሎይ ከምስክሮቹ ስም በታች አንድ ባዶ መስመር ይተውላት። ከዚያ ግድግዳ በቀር ለማንም ዕዳ የለብኝም። ቃሌ ይኸው ነው፤ ተነብቦልኝ ሰምቼ ፈርሜአለሁ።

ተናዛዥ፦ ዴልፊኒያ አርቹሌታ
ምስክሮች፦ ሴኔይዳ ባካ፣ ቤላርሚኖ አርቹሌታ
ስለ ቦዩ ዳር አፈር የፈቀደች፦ ሮሳውራ አርቹሌታ

የመጨረሻዋ ፊርማ ዘግይታ ስለገባች ጸሐፊው ኤሎይ ትሩሂዮ ሁኔታውን እንደሚከተለው አስረዳለሁ። ምስክሮቹ እንደፈረሙ ሮሳውራ ተነሥታ ወጣች። በመስኮት እንዳየናት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወርዳ ከበሩ በስተግራ፣ ጭቃው ከተሰበረበት ጠርዝ ፊት ቆመች። መዳፏን አስደግፋ ብዙ ቆየች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመልሳ “የቱ ጋ ነው የምፈርመው?” አለችኝ። አሳየኋት፤ ፈረመች። ብዕሩን ስትመልስልኝ ቀይ የተቀቡት ረጃጅም ጥፍሮቿ ላይ ዓይኗ አረፈ።

“እትዬ ሴኔይዳ፣” አለች፣ “መቀስ ይኖርሻል?”