ልቀበላቸው ሄጄ ያባረርኋቸው እንግዶች

ይድረስ ለልጄ ለሶፊ፤
ለንደን።

እኔ አባትሽ ገብሬ ሰባ ዘጠኝ ዓመቴን ይዣለሁ። ውኃዬን ራሴ እቀዳለሁ፣ ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ፣ እሑድ ጸሎት ቤት በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ይህንንም ደብዳቤ በመሠረተ ትምህርት በለቀምኋት ፊደል ማንንም ሳልለምን እጽፋለሁ። ጉልበቴ ብቻ ዳገት ሲያይ ያኮርፋል። አንቺስ እንደምን አለሽ? ባለቤትሽ ያዕቆብ፣ የልጅ ልጄ ሊዲስ እንደምን ናቸው? ብርዱ እንዴት ይዟችኋል? ያ ወገብሽን የሚይዝሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? የጌታ ሰላም ከደጃችሁ አይራቅ። የእኔን ከጠየቃችሁ ሰውነቴ ደኅና ነው፤ ልቤ ግን ከእንግዶችሽ ወዲህ አላረፈም።

በስልክ ስትጠይቂኝ «ደኅና መጡ፣ ደኅና ሄዱ» ብዬ ዘግቼብሻለሁ። ደኅና አልነበረም። ከሰው ከምትሰሚው ከእኔው ስሚው።

እንደምታውቂው ቅሬያችን «ሙት መቅበር ብቻ አይበቃንም፤ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለመታከም ከሩቅ መጥቶ ዘመድ ለሌለው ሰው ማደሪያ እንሥራ» ካለ ቆይቷል። ድንጋዩና ጉልበቱ ከእኛ፣ ቆርቆሮውና ሲሚንቶው ከእናንተ ከነርሶቹ ማኅበር ሊሆን ተነጋገርን። የቅሬው ሰብሳቢ እኩያዬ በሺር «አውሮፕላን ማረፊያ ቋንቋ የሚያውቅ ወጣት ይሂድ» ቢለኝ፣ «የልጄን እንግዳ ሌላ ሰው አይቀበልም» ብዬ ድርቅ አልሁ።

ኮቴን ለብሼ ቆምሁ። ሰው ከአውሮፕላኑ ወረደ፤ ሁሉም እንደ እኛው ጥቁር ነው። አንዲት ሽበታም ሴት ሁለት ሰዎች አስከትላ ወደ እኔ መጣችና በእንግሊዝኛ ሰላም አለችኝ። የአዲስ አበባ ሰው በቋንቋ ልትኮራብኝ መስሎኝ «እመቤት፣ ዞር በይልኝ፤ የእንግሊዝ አገር እንግዳ ይመጣብኛል» አልኋትና በእጄ ከፊቴ ገፋኋት። ፈገግ ብላ አለፈች። ሜዳው ባዶ ሲሆን ተመልሼ በሺርን «ቀርተዋል፤ ፈረንጅ ቃል የለውም» አልሁት። አንቺ ማኅበሩ የጥቁር ነርሶች መሆኑን ደጋግመሽ ነግረሽኛል። ሰምቼ አልሰማሁም። የሚሰጥ ሰው ነጭ ነው ብሎ ልቤ ቀድሞ ፈርዷል። የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

በማግሥቱ በሺር ግቢ ስንሰበሰብ ያችው ሴት ገባች፤ ሲስተር አይሪን። በሺርም «ገብሬ፣ ቀሩ ያልሃቸው ሰዎች በባጃጅ መጥተዋል! ወላሂ አንተን ዘበኛ ብንቀጥርህ ሌባው ይገባል፣ ባለቤቱ ውጭ ያድራል» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሷም የጸሎት ቤታችን ልጅ አሞጽ ሲተረጉምላት ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ከዚያ የራሷን ነገረችን። እናቷ ከጃማይካ ለንደን ሲገቡ ለጥቁር ቤት የሚያከራይ ስለጠፋ፣ እንደ እነሱ ካለው ሰው ጋር በየሳምንቱ እያዋጡ ተራ በተራ ቤት ገዙ። በሺር «ዕቁብ ነዋ!» ብሎ ጮኸ። አሁንም ማኅበሩ የበሽተኛ ፎቶ እያሳየ አይለምንም፤ ችግሩ የደረሰበት ሰው ታሪኩን በአፉ ይናገራል፣ ሰጪዎቹም የእነሱን ይነግሩታል፤ እንዲያ ተዋውቀው ይረዳዳሉ። ይህን ብላ ወደ እኔ ዞረችና «የባለቤትዎን የወይዘሮ ባይነሽን ነገር ከእርስዎ አፍ ብንሰማ» አለችኝ።

የእፍረቱ ፍም ገና አልበረደልኝም። «የሚስቴን ሥቃይ ገበያ አላወጣም» ብዬ ከዘራዬን አነሣሁ። በሺር ክንዴን ይዞ «አብሽር፣ ተቀመጥ፤ የናቀህ የለም» ቢለኝ እጁን መትቼ ወጣሁ። ስትሄድም ልትሰናበተኝ ደጄ ድረስ መጣች፤ ውስጥ ቁጭ ብዬ በጎረቤት ልጅ «የለም» አስባልሁ።

ልጄ፣ የቀረብኝን ስሚ። እኔ ስወጣ አትጠገብ የምትባል የገጠር ሴት ተነሣች፤ ቅሬው ያስጠራት ናት። እናትሽ ከማረፏ በፊት ቦሩ ሜዳ በየቀኑ መርፌ ስትወጋ መንገዱ ስለሚጥላት ከኮምቦልቻ መመላለስ አልቻለችም፤ ከአትጠገብ ጋር በአንድ ላስቲክ ሥር ነበር የምታድር። እኔ ከሥራ የምላቀቀው እሑድ ብቻ ነበር፤ ስደርስም ሁልጊዜ ዝም ብላ አገኛታለሁ። በሌላው ቀን ግን በሽተኛውን ሁሉ ዙሪያዋን ሰብስባ ተረት ታወራ ነበር አሉ፤ የእኔን ኩርፊያ እያስመሰለችም ታስቃቸው ነበር። «እሑድ ሲመጣ ዝም በሉ፤ ሳቄን ከሰማ ድናለች ብሎ ተስፋ ያደርጋል» ትላቸው ነበር።

አትጠገብ ይህን ስትናገር እኔ ቤቴ ተቀምጬ አኩርፌ ነበር። ድምጿን ቀድተው ወደ እናንተ ወስደውታል፤ አንቺ ትሰሚዋለሽ። ለእኔ የነገረኝ አሞጽ ነው፤ አሞጽ ደግሞ ደግ ልጅ ነው እንጂ የሰው ሳቅ ማውራት አይሆንለትም። የቤቱ መሠረት ተቆፍሯል፤ ለሱ አትስጊ።

ልጄን ያዕቆብን ሰላም በዪልኝ። ሊዲን ግንባሯን ሳሚልኝ። በሺር እጁን ብመታውም ሰላም ብሏችኋል፤ አሞጽም እንዲሁ።

ሲስተር አይሪንን በእኔ ስም ይቅርታ እንዳትጠይቂልኝ፤ ዕዳው የእኔ ነው፣ እኔው እጽፍላታለሁ። ለበሺር እቤቱ ሄጄ እጁን እስማለሁ። አትጠገብ አገሯ ገብታለች፤ ክረምት ሳይገባ ሄጄ ከአፏ እሰማለሁ። ድንጋይ በማቅረቡ የደረሰኝን ተራ ሰው ቀጥሬ አላሠራም። ቤቱ ሲያልቅ ደግሞ እዚያ ለሚያድሩት ተረት ማውራት የእናትሽ ዕዳ አለብኝ። ተረት አላውቅም፤ እማራለሁ።

አባትሽ ገብሬ
ኮምቦልቻ፣ የካቲት 9 ቀን 2001 ዓ.ም.