ፀሐይ ያልፈተነው ሽቶ

ጥሩዬ፣ የኔ ሸጋ፤

ደብዳቤ ሲጀመር ስለ ጤና ይጠየቃል። አንቺን ምን ብዬ እንደምጠይቅሽ ግን ጨነቀኝ፤ ከሁለታችን የጤና ባለሙያዋ አንቺ ነበርሽ። ስለዚህ ያንቺን ልተወውና የኛን ልንገርሽ፤ እኔም ልጃችን ሰላማዊትም ደህና ነን። «ደህና» ያልኩት ለወግ ያህል አይደለም። ከተለያየን ሁለተኛው ክረምት ገብቶ ባሮ ሞልቷል፤ ባለፈው ክረምት ቢሆን ይህን ቃል ልጽፍልሽ አልችልም ነበር።

ቤቱ እንደነበረ ነው። ቆርቆሮው በቀትር ያው ያቃጥላል፣ ነጩ የሥራ ጫማሽም ከአልጋው ሥር እንዳለ ነው። ከተማችን ግን ተለውጣለች። ክልል ከሆንን ወዲህ በየበሩ ታፔላ ተሰቅሏል፤ ትናንት እህል መጋዘን የነበረው ዛሬ ቢሮ ሆኗል። እኔንም ከማስተማሩ አንሥተው ወደ አንዱ ቢሮ አዛወሩኝ። ወንበር ገና አልመጣም ነበርና መጀመሪያ ሰሞን መስኮት ላይ ተቀምጬ ነው የሠራሁት፤ ብታዪኝ ትስቂ ነበር። አኝዋኩም ኑዌሩም ደገኛውም በአማርኛ ተሰብስበን እንከራከርና ሻይ ሲመጣ ሁሉም ወደየቋንቋው ይገባል። ከአማርኛ ሌላ የማላውቀው እኔ ብቻ የምገባበት አጥቼ ሻዬን እጠጣለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ የልጅሽ ነገር ነው። አንቺ ስትሄጂ ፀጉሯን ተቆረጠች፤ ልማድ ነውና ማንም አልከለከላትም። ሙት ዓመትሽ ካለፈ በኋላ እኔ ጥቁሩን አወለቅኩ። እሷንም ጎረቤቶች ተሰብስበው ነጭ ነጠላ አለበሷት፤ ጉልበታቸውን ስማ አመሰገነችና እንደወጡ አጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። ከትምህርት ቤትና ከቤተ ክርስቲያን በቀር እግሯ የትም አይረግጥም። ፀጉሯ መልሶ ሲያድግ በጥቁር ሻሽ ሸፈነችው። ቅባት የሚባል ነገር እርም አለች፤ በበጋው ቅልጥሟ አመድ መሰለ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ። ቅዳሜ ሲሆን ደግሞ በሯን ዘግታ ትተኛለች። አንድ ቀን ገበያ እንውጣ ብላት «እማዬ የሌለችበት ቅዳሜ ለኔ ቅዳሜ አይደለም» አለችኝ። ፈራሁ፣ ጥሩዬ። አንቺን ቀብሬ ስመለስ ልጅሽንም በቁሟ የማጣት መሰለኝ።

በመጨረሻ ያንቺን ሥራ እኔው ልሠራ ተነሣሁ። ከቢሮ ስወጣ በገበያው በኩል ዞርኩና የገላ ቅባት ነው ብዬ ያመንኩትን ጠርሙስ ገዛሁ። ጽሑፉ ዐረብኛ ነው። ሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት ፈገግ ብላለች፤ እኔም ፈገግታዋን አምኜ ከፈልኩ። ቤት ስደርስ ሰላማዊት ልብስ እያጠበች ነበር። ጥራቱን ላሳያት ብዬ አጠገቧ ቆምኩ፤ እጅጌዬን ሰብስቤ ላብ ባረጠበው ክንዴ ላይ አፈሰስኩና ማሸት ጀመርኩ። ባሸው ባሸው አልሰርግ አለ። ጭራሽ አረፋ አወጣ። ጥሩ ቅባት መጀመሪያ እንዲህ ያደርገዋል ብዬ አስረድቻት ማሸቴን ቀጠልኩ። ቀና ብላ አየችኝና በሳሙና እጇ አፏን ይዛ «አባዬ፣ ሻምፖ እኮ ነው!» ብላ ሳቀች።

ድምፅ አውጥታ ሳቀች፣ ጥሩዬ! ሳቋ የኔ ሳቅ አይደለም፣ ያንቺው ነው፤ መጨረሻው ላይ እንደ ሕቅታ ስብር የሚለው። ከነአረፋዬ ቆሜ ሰማሁት፤ እንዳይቋረጥብኝ ብዬም ማሸቴን አልተውኩም። ሲበቃት ዓይኗን ጠረገችና ሁለተኛ ብቻዬን ገበያ እንዳልሄድ አስጠነቀቀችኝ። አብራኝ ልትወጣ የተስማማችው ለራሷ አምሯት አልነበረም፤ እኔ አሳዝኛት ነው። እኔ ደግሞ በዚያ ሰሞን በምንም ምክንያት ብትወጣልኝ አልጠላም።

እስከ ቅዳሜ ድረስ የኛን ቅዳሜዎች ሳስብ ሰነበትኩ። ሳምንቱን ሙሉ ጤና ጣቢያው ሽቶ አያስቀባሽ፣ የእጅ ጥፍር አያስቀልምሽ። የእግርሽን ጥፍር ግን ቀይ ትቀቢና በነጩ ሽፍን ጫማ ደብቀሽው መርፌ ስትወጊና ቁስል ስታሽጊ ትውያለሽ። በመላው ጋምቤላ ይህን ምስጢር የምናውቀው እኔና ሰላማዊት ብቻ ነበርን። ቅዳሜ ከሥራ እንደገባሽ ግሊሰሪኑን በሎሚ ለውሰሽ እጅሽን ታሺያለሽ፣ ኩልሽን ትኳያለሽ። ፓውደር ግን በላብ እየተዥጎረጎረ ስላስቸገረሽ ለፎቶ ቀን ብቻ አስቀምጠሽው ነበር። እኔ በር ላይ ቆሜ ረፈደ እያልኩ እነዘንዛለሁ፤ አንቺ እንዳልሰማሽ ሆነሽ ሌላኛውን ዓይንሽን ትኳያለሽ።

የአዲስ አበባውን ሽቶ እንዴት እረሳዋለሁ? በተጋባን ዓመት ፈቃድ ወጥተን ሄደን ፒያሳ ከአንድ ባለመስታወት ሱቅ የገዛነውን ማለቴ ነው። በዚያ ብርድ አበባ አበባ ይል ነበር። ጋምቤላ ተመልሰን፣ ለክብሩ ብለሽ አንድ ሰርግ ቤት ተቀብተሽው ሄድሽ። ቀትር ላይ ዳሱ ሲግል ሽታው ተለወጠ፤ ሰው የሞተ አይጥ ፍለጋ አግዳሚ ወንበሩን እያነሣ ያይ ጀመር። አንቺ ፈንጠር ብለሽ ማንጎ ጥላ ሥር ቆመሽ፣ ሙሽሮቹ ሳይነሡ ወደ ቤት ውሰደኝ አልሽኝ። ከዚያ ወዲህ ነው ሕግ ያወጣሽው፤ የጋምቤላ ፀሐይ ያልፈተነው ሽቶ ቤታችን አይገባም።

ፈተናው የሚካሄደው ደግሞ በኔ ክንድ ላይ ነበር። ያንቺ እጅ በረኪናና አልኮል ስለለመደ አይታመንም። ወዳጅሽ አሪየት፣ በድንበሩ ከተማ በማታር በኩል የሚመጣውን የሱዳን ሽቶ በትንንሽ ጠርሙስ እየቀዳች የምትሸጠው፣ ከእጄ አንጓ ጀምራ እስከ ክርኔ ድረስ በየተራ ታስነካኛለች። ከዚያ እጅጌዬን እንደሰበሰብኩ በፀሐይ ታዞሪኛለሽ። ልብስ ሰፊው ጋ እንገባለን፣ ጨርቅ እናያለን፣ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ለስላሳ እንጠጣለን። ያገኘኝ የሥራ ባልደረባ ሁሉ ከጨበጠኝ በኋላ እጁን አሽትቶ ይስቅብኛል። ማምሻውን ባሮ ዳር ማንጎው ሥር ተቀምጠን ክንዴን ወደ አፍንጫሽ ታስጠጊና ፍርድ ትሰጫለሽ። ሰላማዊት እኔም ላሽትት ብላ ስትጎትተኝ «ስታድጊ ያንቺም ተራ ይደርሳል» ትያታለሽ። ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ያው የአንጓዬ ሽቶ ነበር። ታዲያ አሸናፊው ከታወቀ በየሳምንቱ ምን ያንከራትተናል ብልሽ፣ ክንድህን ይዤ ከተማ ልዙር ብዬ ነዋ አልሽኝ። እኔ ሞኙ ደግሞ ነገሩ ስለ ሽቶ ይመስለኝ ነበር።

ስንቱን የወባ በሽተኛ አስነሥተሽ ራስሽ በወባ የወደቅሽ ጊዜ፣ በመጨረሻዋ ቅዳሜ ሰላማዊት ከግርጌሽ ተቀምጣ የእግርሽን ጥፍር ቀባችልሽ። ቀለሙ ከጥፍርሽ አልፎ ወደ ጣትሽ ፈሰሰ፤ አንቺ ግን እግርሽን ከአንሶላው አውጥተሽ አየሽና አመሰገንሻት። ከዚያ በኋላ ብልቃጡን የት እንዳደረገችው አልጠየቅኳትም።

እና ቅዳሜ ደርሶ ከሰላማዊት ጋር ወጣን። ጥቁር ሻሿን አጥብቃ አስራ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ነበር የምትሄደው። እኔ ደግሞ እንደ አስጎብኚ አፌ አላርፍ አለ። ይሄ አዲስ ቢሮ ነው፣ ያ አዲስ ሱቅ ነው፣ ያ ሰውዬ ከዲማ ወርቅ ሸጦ መጥቶ ነው እንዲህ የሚንጠባረረው እያልኩ ለፈለፍኩ። ወደ ኋላ ግን አልቀረችም።

አሪየት ከሩቅ አየችንና ተነሣች። ለቅሶሽ ላይ ሦስቱንም ቀን መጥታ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን በሷ በኩል አልፌ አላውቅም፣ አልችልም ነበር። አቅፋን ስታበቃ «ቲቸር፣ ሲስተር የት ሄደች አልልም፤ አውቃለሁ። አንተስ የት ሄድክ?» አለችኝ። እጅጌዬን ሰበሰብኩ፤ እጄ ነው እንጂ እኔ አላሰብኩበትም። አሪየት ክንዴን አየች፣ ሰላማዊትን አየች፣ ከዚያ ያንቺን ጠርሙስ ከመደርደሪያዋ ኋላ አውጥታ አንጓዬ ላይ አስነካች። ከሱ ቀጥላ እስከ ክርኔ ሦስት ሌሎች ደረደረች። አንዱ በዚህ ክረምት በጀልባ የገባ አዲስ ነው አለች።

አንድ ነገር ልንገርሽ። በልቤ ሰላማዊት ያንቺን እንድትመርጥ እጸልይ ነበር። ማታ ማታ በሩን ስከፍት ያ ሽታ ቢቀበለኝ ብዬ ቋመጥኩ። ልጅሽን ከቤት ያወጣኋት ለሷ ብዬ መሆኑን ለጊዜው ረሳሁት።

እንደ ድሮው ዞርን። ልብስ ሰፊው ጋ ገባን፣ በረንዳው ላይ ለስላሳ ጠጣን። የቢሮ ጓደኛዬ ጨበጠኝና እጁን አሽትቶ ሳቀ፤ ሰላማዊትም በለስላሳው ጠርሙስ ከንፈሯን ከልላ ፈገግ አለች። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ድልድዩ አጠገብ ስንደርስ ሻሿን ፈታችና ያዝልኝ ብላ ኪሴ ውስጥ ከተተችው። አላየሁም ብዬ ወደ ወንዙ ዞርኩ፤ ያን ጊዜ ፊቴን ብታይ ወደ ቤት ትመለስ ነበር።

ማንጎው ሥር ተቀምጠን ክንዴን ሰጠኋት። ከአንጓዬ ጀመረች። እዚያ ላይ ቆየች፣ ጥሩዬ፤ ግንባሯን ክንዴ ላይ አሳርፋ አለቀሰች። በለቅሶ ቤቱ እንኳ እንዲህ አላለቀሰችም። እኔም አለቀስኩ፤ አላፊ አግዳሚው ምን ይላል አላልኩም። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ ሁለተኛውን አሸተተች፣ ሦስተኛውን አሸተተች፤ ክርኔ ጋ ያለው አዲሱ ላይ ስትደርስ ተመልሳ ደገመችው። ሎሚ ሎሚ ይላል። የአንጓዬን በጣቷ እያሳየች «ይሄ የእማዬ ነው፣ ይቀመጥላት» አለች። ቀጥላ ክርኔን ነካችና «ይሄ የኔ ይሁን» አለችኝ።

ልዋሽሽ አልፈልግም፤ መጀመሪያ ደነገጥኩ። ያንቺን ሽታ ወደ ቤት ይዤ እገባለሁ ብዬ ነበርና እጄ ባዶ የቀረ መሰለኝ። ኋላ ግን ዓይኗን አየሁት፤ ተራዋ የደረሰ ልጅ ዓይን ነበር። ስታድጊ ይደርስሻል ብለሽ ቃል የገባሽላት ይህንኑ አልነበር? አሪየት ጋ ተመልሰን የሎሚውን ገዛን።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሎሚ ሎሚ ይላል። ልምድ ማጣት ነውና ትንሽ ታበዛዋለች፤ አንድ ሁለቴ አስነጥሶኛል። ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታለች፣ ቅልጥሟም በቫዝሊን ወዝቷል። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ገብታ ሽፍን ጫማዋን አውልቃ እግሯን ስትታጠብ አየሁ፤ የእግሯ ጥፍር ቀይ ነው! ለካ የደረቀውን ብልቃጥሽን በአሴቶን አቅጥና ትቀባለች። እንዳየሁ አልነገርኳትም፤ ምስጢሩ እንደ ድሮው ከቤት አይወጣም።

ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም እንወጣለን። እጅጌዬን ስሰበስብ አሪየት ሳልጠይቃት ካንቺው ጠርሙስ ትጀምራለች። ቀትር ላይ ፀሐዩ ይወስደዋል፤ በሳምንቱ እንደገና ታስነካኛለች። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ይህ አይቋረጥም፣ የምገባልሽ ቃል ይሄ ነው። አንጓዬ ያንቺ ነው፣ ጥሩዬ፤ ከሱ በላይ እስከ ክርኔ ያለውን ለልጅሽ ሰጥቻታለሁ።

ባልሽ