በዚህ ቤት አድራሻ ልመዝገብ

ኤንጎሜ፣
ንዶሌው ፍሪጅ ውስጥ አለ፤ አሙቀሽ ብዪ። መስኮቱን ዝጊው፣ ዝናብ ይገባል።
ትናንት ስለጮህኩብሽ ይቅርታ።

ላይፕዚግ ከመጣሁ ጀምሮ በዚህ ቤት አድራሻ ልመዝገብ ስልሽ፣ «ቆይ፣ አከራይዋ ታባርረናለች» ትዪኛለሽ። ያለ አድራሻ የመኖሪያ ፈቃድ የለም፤ ያለ ፈቃድ ደግሞ ሥራም፣ አገር ቤት ደርሶ መመለስም የለም። እናቴ ከዱዋላ ስትደውል «ተመችቶኛል» እላታለሁ።

ዛሬ አከራይዋን ደረጃው ላይ አገኘኋትና ለመንኳት። ግራ ገባት። «እንድትመዘገቢ ወረቀቱን ፈርሜ ለኤንጎሜ ከሰጠኋት ቆየሁ እኮ!» አለችኝ።

ለምን እንደደበቅሽኝ አልጠይቅሽም። «ብቻዬን አትተዪኝ» ያልሽኝን ቀን ግን አልረሳሁትም።

እንደገና ፈርማልኝ ወደ ማዘጋጃ ቤት እየሮጥኩ ነው።
ማታ እመለሳለሁ፤ ሌላ የምገባበት ቤት የለኝም። በሩን ከውስጥ አትቀርቅሪው።

ኤቤንዬ