ሦስት ጊዜ ልባቸውን ያስጠገኑት እትዬ ፍሬን

ተማሪዎቻቸው «እትዬ ፍሬን» እያሉ የሚጠሯቸው ውድ እህታችን፣ ከልብስ ሰፊ እናታቸውና ከጋራዥ መካኒክ አባታቸው በ1955 ዓ.ም. ተወለዱ። ያደጉት ከጋራዡ በላይ ባሉት ሁለት ክፍሎች ነው። በትምህርታቸው ደህና ነበሩ፤ በክርክር ግን የሚችላቸው አልነበረም። እናታችን «ይቺ ልጅ ሰው ብታጣ ከጥላዋ ጋር ትጣላለች» ይሉ ነበር።

በልጅነታቸው እየተመላለሰ ያሰቃያቸው የጉሮሮ ሕመም የልባቸውን ቫልቭ አጥብቦት ኖሮ፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ደረጃ መውጣት አቃታቸው። በ1974 ዓ.ም. ሐኪሞች የጠበበውን ቫልቭ ከፈቱላቸው። ቀዶ ጥገናው ተሳካ፤ ኑሯቸው ግን ተበላሸ። ሐኪሙ «አታስጨንቋት» ያለውን ቤተሰቡ «አትቃወሟት» ብሎ ተረጎመው። ከዚያ በኋላ የተናገሩት ሁሉ ልክ ሆነ። አባታችን በዳማ ሆን ብለው ይሸነፉላቸው ጀመር። ታናሽ ወንድማቸው፣ ማለትም ይህን የሚያነብላችሁ ሰው፣ ባላጠፋው ይቅርታ ይጠይቅ ነበር። አንድ ቀን ዳማውን ገፋ አድርገው «ድኛለሁ ወይስ ሞቻለሁ? ማንም የማይከራከረው የሞተን ሰው ነው» አሉ።

በ1977 ዓ.ም. የመኪና መንዳት አስተማሪ ሆኑ። ለልብ ሕመምተኛ ከዚህ የባሰ ሥራ ይኖራል ብለን አላሰብንም። እሳቸው ግን እግራቸውን ሁለተኛው ፍሬን ላይ አሳርፈው፣ ጀማሪው መሀል መንገድ ላይ ሞተር ሲያጠፋና ከኋላ ጡሩንባው ሲደበላለቅ ሳቃቸው ይመጣ ነበር። ከተማሪዎቻቸው አንዱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ በመጀመሪያው ቀን «ቅድሚያ የኔ ነበር» ብሎ ሙሉውን ሰዓት ሞገታቸው። ቤት ሲገቡ ፊታቸው በርቶ «የሚከራከረኝ ሰው አገኘሁ» አሉን። በ1979 ዓ.ም. ተጋቡ።

ቫልቩ ዳግመኛ ሲጠብ መቀየር ግድ ሆነ። ከብረት የሚሠራው ቫልቭ ዕድሜ ልክ ሊያገለግል ይችላል፤ አብሮት የሚወሰደው ደም የሚያቀጥን ክኒን ግን ለጽንስ አደገኛ ነው። ከእንስሳ አካል የተሠራው ያንን ክኒን ዘወትር አይፈልግም፤ ግን ያረጃል፤ ሲያረጅ ደግሞ እንደገና መከፈት አለ። ሁላችንም ብረቱን መረጥን። ባለቤታቸውም «ልጅ ቢቀርስ? እኔ የምፈልገው አንቺን ነው» ብለው ተሟገቱ። እሳቸው «እንደገና እንደምከፈት አውቄ ነው የምገባው» ብለው በ1981 ዓ.ም. ያሰቡትን አደረጉ። ሴት ልጅና ወንድ ልጅ ወልደው አሳደጉ።

ያ ቫልቭ ሲደክም በ1995 ዓ.ም. የብረቱን አስገቡ። ከዚያ ወዲህ ሞተር በጠፋ ቁጥር መኪናው ውስጥ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር። ተማሪዎች ፍሬቻው ያልጠፋ እየመሰላቸው ሲነካኩ «እሱ የኔ ነው፣ አንተ መንገድህን እይ» ይሏቸው ነበር። ክኒኑ ጣጣ ነበረው፤ ትንሽ ሲነካቸው ሰውነታቸው ይበልዛል፣ ደም ማስመርመሩም አሰልችቷቸው ነበር። ከሦስቱ ጥገናዎች የቱ እንደሚሻል ሲጠየቁ «የመጀመሪያው ባል ሰጠኝ፣ ሁለተኛው ልጆች። ይኼኛው እንቅልፍ ይነሳኛል፤ ግን የልጅ ልጄን አሳየኝ» ይሉ ነበር።

ባለፈው ዓመት የቆሽት ካንሰር ተገኘባቸው። ቤታችን ውስጥ እንደ ጥንቱ የሚከራከራቸው ጠፋ። እሳቸውም ገባቸውና ባለቤታቸውን «አንተም?» አሏቸው። ከዚያ የማስተማሪያዋን መኪና እንዲሸጡ አዘዙ። ባለቤታቸው እንባቸውን ጠርገው «አልሸጥም» አሉ። ሳምንታት ሙሉ ተጨቃጨቁ። ነርሷ እንዳይደክሙ ሰግታ ባለቤታቸውን ልታስወጣ ስትል «ተይው፣ ይናገር» አሏት። እንደዚያ ወር ሲስቁ አላየናቸውም። ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በስድሳ ሁለት ዓመታቸው፣ በገዛ አልጋቸው ላይ ከዚህ ዓለም ተለዩ። መኪናዋም አልተሸጠችም።

«በልብ ሕመም ሲሠቃዩ ኖረው» ተብሎ እንዳይጻፍ አስጠንቅቀዋል። እውነታቸውን ነው፤ ሲኖሩ ነው የኖሩት።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አንዲት የልጅ ልጃቸው፣ ታናሽ ወንድማቸውና በየመንገዱ የሚነዱ ተማሪዎቻቸው ቀርተዋል። አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን። ለእኛም በጤናችንም በሕመማችንም የሚከራከረን ሰው አያሳጣን።