አልጫን ያለው ጊታር

ይድረስ ለእህቴ ለመኪያ። አሰላሙ ዐለይኩም፤ ከእማ ጋር እንደምን ከረማችሁ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ እዚሁ ጀርወል የሚባለው ሰፈር ሆቴሉ ውስጥ አንሶላ እተኩሳለሁ።

ያልኩሽን የኤሌክትሪክ ጊታር ገዛሁ። ርካሽ ስለሆነ ነው መሰለኝ ክሩ አልጫን አለኝ፤ በግራ ጣቶቼ ብታገለው እንኳ ድምፅ አይሰጥም። እዚህ ዕቃው ሁሉ እንዲሁ ነው፤ የሻይ ብርጭቆውም ከእጄ እያመለጠ ተሰብሮ አለቀ። አብሮኝ የሚኖረው አብዱረሺድ ግን ያንኑ ጊታር ሲጫወተው የክፍሉ ሰው ዝም ብሎ ያዳምጣል። ኸላስ፣ በቃ ሰጠሁት። ጠዋት ጠዋት የሸሚዜን ቁልፍ የሚቆልፍልኝም እሱ ነው፤ የዚህ አገር ቁልፍ ለጣት አይመችም።

ዱዓችሁ አይለየኝ፤ አላህ በደህና ያገናኘን። እማ «ለምን አይጫወትም?» ካለችሽ፣ ጊታሩ ነው የተበላሸው በያት።

ወንድምሽ ፉኣድ